ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳችሁን እዩ

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ኢንተርኔት ሲወራ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ የትኛውን ሞደም ላስመጣ?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ዩቲዩብ ላይ «የዓመቱ ምርጥ ሞደሞች» የሚል ቪዲዮ አይቷል፣ ኬብል ሞደም የሚባለውን ሳጥን መርጧል፣ ዋጋውንም አስልቷል፣ የቀረው ሻንጣ ውስጥ ቦታ ማግኘት ብቻ ነው። መልሴ አጭር ነው። አታስመጡት። ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ እንዲያውም በጣም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን የተሠራው እናንተ ቤት ለማይገባ መስመር ነው። የናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን እንደመሙላት ነው።

ሞደም ማለት በመስመር የሚመጣውን ሲግናል ኮምፒውተርና ስልክ ሊጠቀሙበት ወደሚችሉት መልክ የሚቀይር ሳጥን ነው። መስመሩ ከተለየ ሳጥኑም ይለያል። ብራንዱ፣ የአንቴናው ብዛት፣ የሚያብረቀርቀው መብራት፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ያንን የአሜሪካውን ኬብል ሞደም እንየው፤ ምን እንደሆነ ካወቅን ለምን እንደማይሠራልን ግልጽ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን በገመድ ወደየቤቱ መግባት የጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ኋላ ኢንተርኔት ሲመጣ የኬብል ድርጅቶቹ አዲስ መስመር ከመቅበር ይልቅ በዚያው የቴሌቪዥን ገመድ ላይ ኢንተርኔቱን ጨመሩበት። ግን ሁሉም በየራሱ ዘዴ ቢሠራ የአንዱ ሞደም ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1997 ዶክሲስ የሚባል የጋራ መስፈርት ወጣ። 3.0 በ2006፣ 3.1 በ2013 ተከተሉት፣ አሁን 4.0 የሚባለውም አለ። ኬብል ሞደም ማለት እንግዲህ ዶክሲስ የሚናገር ሳጥን ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ዶክሲስ የሚመልስለት ማሽን ከሌለ ዝም ብሎ መብራቱን ሲያብለጨልጭ ይውላል።

ሳጥኑ ላይ 16 በ4 ወይም 32 በ8 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያደናግራል። የመጀመሪያው ወደ ቤት የሚያወርዱት ቻናሎች፣ ማለትም በገመዱ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ የመረጃ መንገዶች፣ ብዛት ነው፣ ሁለተኛው ከቤት ወደ ውጭ የሚልኩት። በአሜሪካው አሠራር አንድ የማውረጃ ቻናል በግምት 38 ሜጋቢት በሰከንድ ይይዛል። ስለዚህ 8 ቻናል 300 ሜጋቢት አካባቢ ይሆናል፣ 32 ቻናል ደግሞ አንድ ጊጋቢትን ትንሽ ያልፋል። ይሄ ጣሪያው ነው። ቻናሎቹን ሰፈሩ በሙሉ ስለሚጋራቸው ማታ ሁሉም ፊልም ሲከፍት ፍጥነቱ ይወርዳል።

እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁ ግን ጥያቄው በደንብ ይመለከታቸዋል። ብዙዎቹ ሞደሙን ከድርጅቱ በኪራይ ወስደው በየወሩ 10 ወይም 15 ዶላር ሳያስተውሉ ይከፍላሉ። ቢገዙት በዓመት ምናምን ጊዜ ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል። ሲገዙ ግን ድርጅቱ የሚቀበላቸውን ሞደሞች ዝርዝር ማየት አለባቸው፣ ምክንያቱም ሞደሙ በማክ አድራሻው፣ ማለትም ዕቃው ላይ በተጻፈው መለያ ቁጥሩ፣ ካልተመዘገበ አይከፈትም። ያገለገለ ሲገዙ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ስም ላይ ተመዝግቦ የቀረ ዕቃ ሊያጋጥማቸው ይችላል። ይሄን ንገሯቸው፣ በዚህ ይጠቀሙበታል። ለእናንተ ግን አይላኩት።

«ግን እኛም ቤት እንደዚያ ዓይነት ገመድ አለ እኮ!» የሚል ይኖራል። አለ። የዲሽ ገመድ ነው። እውነትም ይመሳሰላል፣ መሀሉ ላይ አንድ የመዳብ ዘንግ አለው፣ ጫፉ በጠመዝማዛ የሚታሰር ነው፣ የኬብል ሞደሙም መሰኪያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይገባል። ችግሩ መግባቱ አይደለም። የዲሹ ገመድ የሚሄደው ጣሪያው ላይ፣ ዲሹ ፊት ወዳለችው መቀበያ፣ ኤልኤንቢ ወደምትባለዋ ብቻ ነው። ኤልኤንቢዋ ከሳተላይት የመጣውን ምስል ተቀብላ ወደ ሪሲቨር ታወርዳለች፣ በቃ። ከእናንተ ወደ ሳተላይቱ የሚመለስ ነገር የለም። ኢንተርኔት ደግሞ የሁለት ወገን ንግግር ነው፤ ስልካችሁ «ይሄን ገጽ ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ዲሹ ላይ የትኛውንም ውድ ሞደም ብትሰኩ ከቆርቆሮው በላይ የሚያናግረው አያገኝም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ሱቅ መሄድ አይደለም። ከምሰሶው የመጣውን ገመድ በዓይናችሁ ተከተሉ፣ ግድግዳውን የት ጋ እንደበሳ እዩ፣ ጫፉን ተመልከቱ። ሐዋሳ ውስጥ፣ መኖሪያ ቤት ከሆነ፣ መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ጫፉ የድሮ የቤት ስልክ ላይ የሚሰካው ትንሽ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከሆነ የመዳብ የስልክ መስመር ነው። ገመዱ ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን፣ ብዙ ጊዜም አረንጓዴ መሰኪያ ካለው ፋይበር ነው። ምንም ገመድ ከሌለ የቀረው መንገድ በሲም ነው።

የመዳብ መስመር ያላችሁ

ይሄ ኤዲኤስኤል የሚባለው ነው። በስልክ መስመር ላይ ከድምፅ በላይ ባለው ሞገድ ኢንተርኔት ይላካል፣ ለዚያም ነው ስፕሊተር የምትባለዋ ትንሽ ቁራጭ ስልኩንና ሞደሙን የምትለያቸው። እሷ ከሌለች ስልክ ባነሳችሁ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይንገዳገዳል። አዲስ ሳጥን መግዛት ካለባችሁ ካርቶኑ ላይ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚል መኖሩን አረጋግጡ፣ ቪዲኤስኤል የሚል፣ ማለትም በዚያው የመዳብ መስመር የሚሠራው ፈጣኑ ዓይነት፣ ቢጨመርበት አይጎዳም። ከኋላው የስልክ መሰኪያ ቀዳዳ መኖሩንም እዩ። ብዙ ሰው «ራውተር» ብሎ ጠይቆ የስልክ መሰኪያ የሌለው ሳጥን ይዞ ወደ ቤት ይመለሳል። ራውተር ኢንተርኔቱን ለብዙ ሰው ያከፋፍላል እንጂ መስመሩን አይተረጉምም። ሁለቱን ሥራ በአንድ ሳጥን የሚሠሩ አሉ፣ የማይሠሩም አሉ።

የኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ጣሪያ 24 ሜጋቢት ነው። ያ ግን ከቴሌው ሳጥን አጠገብ ላለ ቤት ነው። መዳብ ሲረዝም ሲግናሉ ይደክማል። ከ3 ኪሎ ሜትር በኋላ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል፣ 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ጨርሶ መያዙም ያጠራጥራል። ፒያሳ ያለ ጓደኛችሁና ዳር ሰፈር ያላችሁት እናንተ አንድ ዓይነት ሞደም ገዝታችሁ አንድ ዓይነት ፍጥነት ላታገኙ ትችላላችሁ። ይሄን ርቀት የሚያሳጥር ሳጥን የትም አይሸጥም።

«ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል» የሚለው ስሞታስ? ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሞደሙ አይደለም። ምሰሶው ላይ ወይም ግድግዳው ጥግ ላይ በቴፕ የተጠቀለለ መጋጠሚያ አለ፣ ውኃ ይገባዋል፣ መዳቡ ይዝጋል። አዲስ ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። የቤት ስልኩን ቀጥታ መስመሩ ላይ ሰኩና አንስታችሁ አዳምጡ። «ሽሽሽ» ወይም «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ካለ መስመሩ ታሟል፣ የሚጠራው የጥገና ሰው ነው። ትንሽ ጠለቅ ማለት የሚወድ ደግሞ በብራውዘር የሚከፈተውን የሞደሙን የማስተካከያ ገጽ ከፍቶ «ኖይዝ ማርጂን» የሚለውን፣ ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየውን ቁጥር ይይ። ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መቆራረጡ አይገርምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላ በመርፌ የምትጫነዋን የሪሴት ቀዳዳ ዝም ብላችሁ አትነካኩ። ኤዲኤስኤል የሚገባው በተጠቃሚ ስምና በፓስዎርድ ነው፣ ያ ደግሞ ሞደሙ ውስጥ ተጽፎ ነው ያለው። ሪሴት ስታደርጉት ይጠፋል። ወረቀቱ የት እንዳለ ሳታውቁ ከነካችሁት ቅዳሜና እሁድን ያለ ኢንተርኔት ነው የምታሳልፉት።

ፋይበር የገባላችሁ

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፣ ምርጫችሁም አነስተኛ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳጥን ኦኤንቲ ይባላል፣ ባለሙያዎቹም ብዙ ጊዜ ዝም ብለው «ሞደሙ» ይሉታል። ይሄ ሳጥን በሴሪያል ቁጥሩ ከአቅራቢው ማሽን ጋር የተመዘገበ ነው። ከሱቅ ሌላ ገዝታችሁ ብትሰኩበት፣ ወይም የጎረቤታችሁን ብትዋሱ፣ መስመሩ አይቀበለውም። ስለዚህ ከተበላሸ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ አቅራቢያችሁ 994 ትደውላላችሁ እንጂ ሱቅ አትዞሩም።

ጂፖን በሚባለው የፋይበር አሠራር ከማዕከሉ የሚወጣው አንድ ፋይበር 2.5 ጊጋቢት አካባቢ ያወርዳል፣ ያንን 32 ወይም 64 ቤቶች ሊካፈሉት ይችላሉ። የሚያካፍለው ዕቃ ብርሃን የሚሰነጥቅ መስታወት ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በዚህ ምክንያት የሰፈሩ መብራት ቢሄድም ፋይበሩ አይሞትም፣ የሚሞተው የእናንተ ሳጥን ነው። ወደ መብራቱ ጉዳይ እመለሳለሁ።

መብራቶቹን ማንበብ ልመዱ። ፒኦኤን የምትለዋ አረንጓዴ ሆና ከቆመች መስመሩ ደህና ነው። ኤልኦኤስ የምትለዋ ቀይ ከበራች ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ የሆነ ቦታ ፋይበሩ ተቆርጧል ወይም ከመጠን በላይ ታጥፏል። አጥፍቶ ማብራት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። መጀመሪያ ሶፋው ገመዱን ጠርዝ ላይ እንዳልቆለመመው እዩ። ውስጡ ያለው መስታወት ነው፣ እንደ መብራት ገመድ በምስማር ዙሪያ አይጠመዘዝም። አረንጓዴውን ጫፍ ነቅላችሁ በጣት አትጥረጉ፣ ወደ ውስጡም አትመልከቱ። የሚመጣው ሌዘር ነው፣ በዓይን አይታይም፣ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው የሚሻለው።

እንግዲህ ምርጫችሁ ያለው ከኦኤንቲው በኋላ ነው። አብሮት የሚመጣው ዋይፋይ ለትልቅ ቤት ካልበቃ ራውተር ታስጨምራላችሁ። ከውጭ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ይሄኛውን ነው የምታስመጡት፣ ሞደም የሌለበት፣ ዋን (WAN) የሚል መሰኪያ ወይም ፖርት ያለው፣ ዋይፋይ 6 የሆነ ራውተር። ሁለት ነገር ብቻ እዩ። ፖርቶቹ ጊጋቢት ይሁኑ፤ 100 ብቻ የሚሉ ርካሽ ራውተሮች አሉ፣ ፓኬጃችሁ ከዚያ በላይ ከሆነ ትርፉን ይበሉባችኋል። አዳፕተሩ ላይ ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይኑር። 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 በሰኩት ደቂቃ ያቃጥለዋል።

በሲም ለምትጠቀሙ

እውነተኛው የሱቅ ምርጫ እዚህ ጋ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሲሙም ምርጫ አንድ አይደለም። ስለዚህ ሳጥኑን ሳትገዙ ሲሙን ፈትኑ። በሁለቱም ሲም ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ ማታ ማታ ለጥቂት ቀን ቤታችሁ ውስጥ ተጠቀሙበት። ማታ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጠዋት የሚበር ኔትወርክ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሊንፏቀቅ ይችላል፣ ታወሩን የሚጋራው ሰው ሁሉ ያኔ ቤቱ ነው። በስልክ የማይሠራ ኔትወርክ በውድ ራውተር ተአምር አይፈጥርም።

ፖኬት ዋይፋይ የምትባለዋ ባትሪ ያላት ትንሽ ዕቃ ለአንድ ተማሪ ወይም መንገድ ለሚበዛበት ሰው ትበቃለች። ለቤተሰብ ግን ሶኬት ላይ የምትሰካውን የቤት ራውተር ውሰዱ። አንቴናዋ ይሻላል፣ አትግልም፣ ብዙ ስልክ ትችላለች። ካርቶኑ ላይ የ4ጂ ፍጥነት ደረጃውን የሚነግረው «ካት 4» የሚል ጽሑፍ ካለ ጣሪያው 150 ሜጋቢት ነው፣ «ካት 6» ደግሞ 300። ካት 6ን የሚለየው ሁለት ሞገዶችን አንድ ላይ መያዝ መቻሉ ነው፣ ያ የሚጠቅመው ደግሞ ታወሩም ሁለቱን ከሰጠ ብቻ ነው። ለአብዛኛው ቤት ካት 4 አያሳፍርም። የ5ጂ ራውተር ላይ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት ደግሞ 5ጂ የሚቀበል ስልክ ያለው ሰው ጋብዙና ሳሎናችሁ ውስጥ ምልክቱ መምጣቱን እዩ። ከተማው ውስጥ አለ መባሉና እናንተ ሳሎን መድረሱ ሁለት ነገር ነው።

ባንድ የሚባለው ነገር ብዙ ሰው አስከስሯል። እያንዳንዱ አገር 4ጂን የሚያስተላልፍበት ሞገድ የተለያየ ነው። ባንድ 3 የሚባለው 1800 ሜጋኸርዝ አውሮፓና አፍሪካ ውስጥ ዋና ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ግን አይጠቀሙበትም። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠራ የ4ጂ ራውተር ባንድ 3 ላይኖረው ይችላል። ከነካርቶኑ አዲስ ሆኖ ሲም አስገብታችሁ «ኔትወርክ የለም» ካላችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ሌላው ምክንያት መቆለፉ ነው፤ ከአንድ አገር የስልክ ድርጅት በቅናሽ የተገዛ ራውተር የዚያን ድርጅት ሲም ብቻ ይቀበላል።

ቦታውን መምረጥ ከሳጥኑ መምረጥ ባልተናነሰ ይጠቅማል። ራውተሩን ቴሌቪዥን ሥር መደበቅ የለመድነው ነገር ነው፣ ግን በሲም የሚሠራ ራውተር የሚወደው መስኮት ዳር ነው፣ ያውም ታወሩ ባለበት በኩል። ታቦር ተራራ ከእናንተና ከታወሩ መሀል ከገባ ወደ ሌላኛው መስኮት አዙሩት። የራውተሩ ገጽ ውስጥ አርኤስአርፒ የሚል፣ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር አለ፣ ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው። 80 አካባቢ ከሆነ ግሩም፣ 100 ከሆነ ደከም ያለ፣ ከ110 ካለፈ ሌላ ቦታ ፈልጉለት። ከመስኮት ወደ መስኮት እያዞራችሁ ቁጥሩን ማየት ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ዋይፋዩ ነው

መስመሩ ጤነኛ ሆኖ «ኢንተርኔቱ ቀሰስ አለ» የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ቀጥታ ሳጥኑ ላይ ሰኩና ስፒድ ቴስት አድርጉ። በኬብል የከፈላችሁበትን ያህል ካገኛችሁና መኝታ ቤት ውስጥ በስልክ ግማሹ ብቻ ከመጣ፣ ሞደሙም አቅራቢውም ነፃ ናቸው። ጥፋቱ በመሀል ያለው ብሎኬት ነው። ስፒድ ቴስቱ የሚያሳያችሁ ሜጋቢት መሆኑንም አትርሱ፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። 10 ሜጋቢት ያለው ሰው አንድ ጊጋባይት ፊልም ለማውረድ 13 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ ያ ደግሞ ትክክለኛው ፍጥነት ነው፣ ማንም አልሰረቀውም።

ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት ሞገድ ይሠራል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፣ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይም እዚያው ላይ ይጋፋል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ይደክማል። ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን 5 ላይ፣ ርቀት ያለውን ስልክ 2.4 ላይ ማድረግ ነው። ፍሪጅ፣ ትልቅ መስታወት፣ የብረት በርና ቆርቆሮ ሲግናል ይመልሳሉ፣ ራውተሩን ከነሱ አጠገብ አታስቀምጡ።

የሐዋሳ ግቢ የራሱ ጣጣ አለው። ዋናው ቤት ፊት ለፊት፣ ሰርቪሱ ከኋላ፣ መሀሉ ላይ አቮካዶና ማንጎ። ሰርቪስ ያለው ልጅ ዋይፋይ አይደርሰውም። ሰው ቶሎ ብሎ የሚገዛው ሪፒተር ነው። ይሠራል፣ ግን አብዛኞቹ ርካሽ ሪፒተሮች ተቀብለው በዚያው ሞገድ ስለሚያስተላልፉ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይቆርጡታል። ደካማ ሲግናል ያለበት ቦታ ከሰካችሁት ደግሞ ያንኑ ደካማውን ነው የሚደግመው። የተሻለው መፍትሔ አሰልቺ ነው። ከሳጥኑ እስከ ሰርቪሱ የኔትወርክ ኬብል በቱቦ አሳልፉ፣ ጫፉ ላይ ርካሽ ራውተር አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን ወደ ዋይፋይ የሚቀይር ዕቃ፣ አድርጉ። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፣ የትኛውም መደበኛ ግቢ ከዚያ ያንሳል። አንድ ቀን መቆፈር ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያማርርም።

መብራት ሲሄድ

ሳጥኖቹ ብዙ ኤሌክትሪክ አይበሉም፣ አብዛኞቹ ከ10 ዋት ብዙም አያልፉም። ስለዚህ ጄነሬተር ሳይሆን ሚኒ ዩፒኤስ የምትባለዋ የእጅ መዳፍ የምታህል ባትሪ ትበቃቸዋለች። ስትገዙ መጀመሪያ የሳጥኑን አዳፕተር አንብቡ። 12 ቮልት የሚል ከሆነ 12ቱን፣ 9 የሚል ከሆነ 9ኙን ነው የምትሰኩት፣ ከተሳሳታችሁ ሳጥኑ ሊቃጠል ይችላል። ሻጮች 8800 ሚሊአምፒር ሰዓት ብለው ሲያስተዋውቁ ትልቅ ይመስላል፣ ያ ቁጥር ግን የተቆጠረው በባትሪው 3.7 ቮልት ነው። ሲሰላ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 10 ዋት የሚበላ ሳጥን ቢበዛ ሦስት ሰዓት ገደማ ያሠራል። ኦኤንቲና ራውተር ሁለት ሳጥን ካላችሁ ሁለቱንም ማስላት አለባችሁ፤ አንዱ በርቶ ሌላው ቢጠፋ ዋጋ የለውም። በሲም የምትጠቀሙ ደግሞ ታወሩም ባትሪ እንዳለው፣ ባትሪውም እንደሚያልቅ እወቁት። ረጅም መጥፋት ሲሆን የእናንተ ቤት በርቶ ኔትወርኩ ሊሄድ ይችላል።

መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የቮልት ዝላይ ከመጥፋቱ የከፋ ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን ንቀሉ። የመዳብ መስመር ያላችሁ የስልኩንም ገመድ ንቀሉ፣ መብረቅ በመዳብ ይመጣል። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ በሱ በኩል አይመጣም፣ የእናንተ ሥጋት ሶኬቱ ብቻ ነው።

ያገለገለ ሳጥን ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምንገዛው፣ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ አስበሩት፣ ሲሙን አስገቡ፣ ስልካችሁን ከዋይፋዩ ጋር አገናኙና አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። ቀጥሎ የራውተሩን ገጽ ክፈቱ፣ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ከታች ተለጥፎም ይገኛል። የመግቢያ ፓስዎርዱን ሻጩ የማያውቀው ከሆነ እዚያው ሪሴት ያድርገውና እንደገና ይክፈተው። አዳፕተሩ ኦሪጅናል መሆኑን፣ የሚለው ቮልትም ከሳጥኑ ጋር መግጠሙን እዩ። ለኤዲኤስኤል ከሆነ ሱቅ ውስጥ መስመር ስለማይኖር ገንዘባችሁን ሳትጨርሱ ቤት ወስዳችሁ ለመሞከር ተስማሙ። «እኔ ሸጥኩ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» የሚል ሻጭ ከሆነ ተዉት፣ አጠገቡ ሌላ ሱቅ አለ።